የሹፌር ወንበር ልክ

ጥቅምት 9

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሱቅህስ? ወገብህስ? ወገብህን ለብቻው የጠየቅሁት ባለፈው ደብዳቤህ ለብቻው አንድ ሙሉ ገጽ ስለሰጠኸው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልክ ስለማልደውል አትቀየመኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ስልክ ተለጥፎ ስለሚውል፣ ቤት ስገባ የራሴን ድምፅ መስማት ያስጠላኛል። ሥራ ቀይሬአለሁ። አሁን የምሠራው መኪና የገዙ ሰዎችን በስልክ መጠየቅ ነው። ተራ መኪና እንዳይመስልህ። ሁለት በር ብቻ ያላቸው፣ መሬት ለመሬት የሚሄዱ፣ ዋጋቸው ሲነገር ሰው «እስቲ ድገመው» የሚልባቸው የስፖርት መኪኖች ናቸው። ከተገዙ በስድስተኛው ወር ለባለቤቶቹ እንደውላለን። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የመኪናው ውስጥ ነው፤ ወንበሩ፣ ቆዳው፣ ስፌቱ፣ የዳሽቦርዱ አሠራር። ሌላው አነዳዱ ነው፤ ጉልበቱ፣ ፍሬኑ፣ መታጠፊያ ላይ መሬት አያያዙ። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አስር ይሰጣሉ፤ እኔ እመዘግባለሁ።

ለአንተ መጻፌ ነገሩ አንተንና አባዬን የሚመለከት ስለሆነ ነው። ለአነዳዱ ሁሉም አስር ይሰጣሉ። ዘጠኝ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ «በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ?» ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ። አንድ የጥርስ ሐኪም ከቤቱ እስከ ሥራ ቦታው አራት መብራት ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ አያውቅም። አነዳድ አስር። ውስጡን ስጠይቀው ግን ግማሽ ሰዓት ያዘኝ። በግራ ክንዱ በኩል አንዲት ስፌት ከጓደኞቿ ወጣ ብላለች አለ። ማታ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ያቆምና እዚያው ተቀምጦ ያቺን ስፌት ያያታል። ለውስጡ አምስት ሰጠ።

አለቃዬ ይህንን ማስታረቅ አቅቷታል። ሰዎቹ አስር የሰጡትን ነገር አይጠቀሙበትም፤ አምስት የሰጡት ላይ ግን ተቀምጠው ይውላሉ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። አባዬ «ወንበር ማለት ሹፌር እንዳይወድቅ የሚይዝ ነገር ነው» ሲል፣ አንተ «ሞተር ማለት ወንበር የሚያጓጉዝ ነገር ነው» ስትል ነው ያደግሁት።

አባዬ እንዴት ነው? አሁንም ይነዳል? ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው ከተነጋገርን። «ሐኪሙ አትንዳ ብሎሃል አሉ፣ እባክህ ተው» ያልኩት ቀን «ባሕር ማዶ ሆነሽ መሪዬን አትያዢ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እሱን ስለማልጠይቀው አንተን እጠይቃለሁ።

የወንድምህ ልጅ
ለምኔ


ኅዳር 3

ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ እጅሽ ይባረክ። ወገቤ እንዳለ አለ፤ ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም፤ በሌላ ጊዜ ይካሳል።

«ለምን» ማለት የጀመርሽው ገና ስትድኺ ነበር፤ ስምሽም በዚያው ለምኔ ሆነ። አሁን ጭራሽ እየተከፈለሽ ትጠይቂያለሽ! ጥሩ ነው። ግን እናንተ የምትጠይቁት የተሳሳተውን ቦታ ነው። እኔ አርባ ዓመት የመኪና ወንበር ስሰፋ ደንበኛን በአፉ ጠይቄው አላውቅም። ስፖንጁ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ ጨርቁን ሰማያዊ ጠመኔ እቀባዋለሁ፣ ሰውየውን ሃያ ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። ወሬ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ስልክ የለም። ሲነሳ ጨርቁን አያለሁ። የት እንደከበደ፣ የት እንደሸሸ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚያዘነብል ሁሉም እዚያ ላይ አለ። አፍ ስለ ወንበር ይዋሻል፤ መቀመጫ ግን እስካሁን ዋሽቶኝ አያውቅም።

አሁን ወደ አባትሽ ልግባ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ይነዳል። ዓይኑ ብሷል። ሐኪሙ ለእኔ በግልጽ ነገረኝ፦ ፊት ለፊቱን ያያል፣ ግራና ቀኙን አያይም፤ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። ባለፈው ወር የጎረቤታችንን የብረት በር ገጨ። ወርዶ አየውና «ይሄ ሰውዬ በሩን ወደ መንገድ አውጥቶታል» አለ። በሩ እኮ ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው! እኔ የምፈራው ለበሩ አይደለም። አንድ ቀን ሰው ይገድላል። ከዚያ በኋላ እሱም አይኖርም፤ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ለደንበኛዬ ነው ብዬ ያስላክሁሽ አራት ጎማ ለእሱ ነበር። ያቺ አሮጌ ሁለት ወንበር መኪናው፣ ሰፈሩ «ሙሽራዋ» የሚላት፣ ጎማ ጨርሳ ቆማ ነበር። ለመነኝ፤ አንቺን ግን መለመን አልቻለም። እኔም ልመናውን አልቻልኩትም። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን ዘዴ ፈጥሬአለሁ። «የሹፌሩ ወንበር ስፌቱ ተፈቷል፣ ላድስልህ» አልኩት። ደስ አለው። አራት ብሎን ፈትቼ ወንበሩን ወደ ሱቄ አመጣሁት። ወንበር የሌላት መኪና አትነዳም፣ አይደለም? ስፌቱ የሚያልቀው ደግሞ እኔ ስፈልግ ነው። «ቀለሙን የሚመስል ቆዳ ከልጅህ ዘንድ አዝዣለሁ» ብዬዋለሁ። ስለዚህ የጠቆረ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ለስላሳ ቆዳ ፈልጊልኝ። ግን አደራ፣ እንዳትቸኩዪ።

አጎትሽ ወስፌ


ኅዳር 29

ለማከብርህ አጎቴ፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ጀምሬው ፌርማታዬን አለፍኩ።

ስለ ጎማው ምን እንደምልህ አላወቅሁም። ተናድጃለሁ። እያንዳንዱን ጎማ ራሴ ነበር የመረጥኩት፤ መታጠፊያ ላይ መሬት የሚይዘውን፣ የተሻለውን። የማላውቀው ደንበኛህ እንዳይንሸራተት ብዬ። እና እኔ ነኝ አባዬን መንገድ ላይ መልሼ ያወጣሁት። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ሁለተኛ አትዋሸኝ።

ቆዳውን አግኝቼዋለሁ። አለቃዬ የምታውቀው አንድ የመኪና መሸጫ ትርፍ ቁራጭ ሸጠልኝ። እንዳልከው አልቸኩልም፤ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተኝቷል። ክፍሉ በሙሉ አዲስ መኪና አዲስ መኪና ይሸታል።

ዘዴህ ግን ለምን ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ? ቁልፉን ለምን አትወስድበትም? ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ሸሚዙን ደግሞ በር ላይ ነው የሚሰቅለው።

ሥራው ያው ነው። ትናንት አንድ ሰውዬ «መሪውን ስይዝ ሃያ ዓመት ይመስለኛል» አለኝ። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። አነዳድ አስር። ወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱን ስለሚያመው ለውስጡ አራት። ስልኩን ስዘጋ ሜዳው ትዝ አለኝ። አባዬ መንዳት ሲያስተምረኝ እግሬ ፍሪሲዮን ስለማይደርስ ከጀርባዬ ሁለት ትራስ ያስገባ ነበር። ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር «እሷ አልተቆጣችሽም፣ አንቺ ለምን ትቆጪያለሽ?» ይለኝ ነበር።

ለምኔ


ጥር 2

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በሕይወት አለን። በሕይወት አለን ማለቴ ለአፍ ወግ አይደለም።

ቁልፉን ለምን አትወስድም ብለሽ ጠይቀሻል። ከታላቅ ወንድሜ ኪስ እጄን አላስገባም፤ ወንበር መንቀል ግን ሥራዬ ነው። እንዲህ ብዬ ተመጻደቅሁ። አሁን የሆነውን ስሚ።

ማክሰኞ ዕለት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የአንድ ታክሲ ወንበር እሰፋለሁ። የሙሽራዋን ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ደግሞ ከመቶ መኪና መሀል ለይቼ አውቀዋለሁ። «ወንበሯ እዚህ ጥግ ቆሟል፣ እንዴት ትሄዳለች?» እያልኩ ወጣሁ። አባትሽ ወንበሩ በነበረበት ቦታ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ፣ በኩራት ተቀምጦ በፊቴ አለፈ! ወይ ጉድ! እጁን አውለበለበልኝ እኮ!

መታጠፊያው ላይ ሳጥኑ ተንሸራተተ። መኪናዋ መንገድ ለቃ እዚያ ጥግ የሚሠራውን የጫማ ሰፊ የሸራ ጥላ ይዛ ግድግዳው ላይ ቆመች። በርጩማው ሦስት ቦታ ተሰበረ። ጫማ ሰፊው ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ነበር። ሄዶ ነበር፤ ያተረፈው ሌላ ምንም አይደለም። ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ በርጩማውን ሲያይ አየሁት።

አባትሽ አልተጎዳም። ግን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ከመኪናው ሲወርድ ያለው «ሳጥኑ ነው ያንሸራተተኝ» ነው። ለሰፈሩም ያለው ይሄንኑ ነው። «ወስፌ ወንበሬን ሁለት ወር ባያስቀምጥብኝ ይሄ ነገር አይመጣም ነበር» ይላል፤ ሰውም አዎ ይለዋል። ስለ ዓይኑ የሚያነሳ የለም። ሰበብ ፈልጎ ላጣ ሰው እኔው በገዛ እጄ ሰበብ ሰጠሁት። ከጫማ ሰፊው ጋር በሽማግሌ ታረቀ፤ አዲስ ጥላም ሰፋሁለት። ኮፈኗን ደግሞ ቀጥቅጠው መለሱለት። አሁን በየቀኑ ሱቄ በር ላይ እየቆመ «ወንበሬን» ይለኛል። እስከ ግንቦት ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ምን ላድርግ? አንቺ ሰው ጠይቀሽ የምትኖሪ ነሽ፣ እስቲ እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ።

ወስፌ


ጥር 30

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስሽ ቀረ። ፖስታ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ልጅቷ ከሩቅ ስታየኝ ገና «የለም» እያለች እጇን ታወዛውዛለች። ተቀይመሽ ከሆነ ተቀይሜአለሁ ብለሽ ጻፊ፤ እሱም ደብዳቤ ነው። አባትሽ በሱቄ ሲያልፍ ወደ ደብዳቤ መክተቻ ሳጥኔ ያያል። አይጠይቅም። ያያል ብቻ።

ወስፌ


የካቲት 15

ለምወድህ አጎቴ፣

ስላዘገየሁብህ ይቅርታ። እንዴት ከረምክ? ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር። ሁለተኛው ለቅሶ ነበር። ሦስተኛው ምክር ነበር፤ እሱ የባሰ ነው።

ያንን ብርጭቆ ይዞ የቆመ ሰውዬ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሥራ ላይም ተከተለኝ። አንድ አዛውንት «አነዳድ አስር» ሲሉኝ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጠየቅኋቸው፦ «ጎንና ጎንዎ ይታይዎታል?» አልኩ። «ማን ነው የነገረሽ?» አሉኝና ዘጉት። የምናወራው ሁሉ ይቀዳል። አለቃዬ ጠርታ አሰማችኝ። «ይህ ጥያቄ የት ነው ያለው?» አለች። የትም የለም አልኳት። ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ፤ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ስሜን ብቻ ተሳስታለች።

በዚያው ሳምንት ግን አንዲት ጡረታ የወጡ ዳኛ አገኘሁ። ለውስጡ አስር ሰጡ። ለውስጡ አስር የሰጠኝ የመጀመሪያ ሰው ናቸው። አነዳዱንስ ስላቸው «እኔ ምን አውቄ? የእህቴ ልጅ ነው የሚነዳው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ መንገድ አያለሁ፤ ሲያጠፋ እሰድበዋለሁ» አሉ። ቅር አይልዎትም ወይ አልኳቸው። ይሄም ወረቀቱ ላይ የለም። «መጀመሪያ ላይ ሞት ሞት ሸተተኝ። በኋላ አየሁት፣ ለካስ ስነዳ መንገዱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ።

የማውቀው መልስ ይሄ ብቻ ነው። አባዬ ግን ማን ከጎኑ ያስቀምጠዋል? አንተ መንጃ ፈቃድ የለህም። እኔ እዚህ ነኝ። ናፍቆኛል፤ ተናድጄበታለሁ፤ ሰው እንዳይገድልና እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ። ሦስቱም በአንድ ቀን ነው የሚመጡት። ንገረው ግን አልልህም፣ አትንገረው።

ቆዳውን ልኬዋለሁ። አልጋዬ ሥር መኖሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለምኔ


መጋቢት 11

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ደብዳቤሽም ቆዳውም በአንድ ቀን ገቡ። እንዴት ያለ ቆዳ ነው! መቀሱን ይዤ ሁለት ቀን ፈራሁት። በሥራሽ ስለ ደረሰብሽ ማስጠንቀቂያ አትከፊ፤ ዋናውን ጥያቄ ነው የጠየቅሽው።

አሁን የምጠይቅሽን ሁሉ አድርጊ፣ «ለምን» እንዳትዪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ በሕይወትሽ ለምን ሳትዪ እሺ በዪኝ። አንደኛ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁጭ በዪና ከዳሌሽ እስከ ጉልበትሽ፣ ከጉልበትሽ እስከ ተረከዝሽ፣ ከወንበር እስከ ትከሻሽ፣ ክንድሽም ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ ነጭ ጨርቅ ሰማያዊ ጠመኔ ቀብተሽ፣ ለስላሳ ነገር ላይ አንጥፈሽ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀመጪበት። ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። አጥፈሽ ላኪው። ሦስተኛ፣ ያንን የጥያቄ ወረቀታችሁን አንድ ላኪልኝ።

ሌላ ምንም አልፈልግም። ወገቤም ደህና ነው።

ወስፌ


ሚያዝያ 1

ለአጎቴ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ለምን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ እንኳን አልጠየቅሁም።

ልኩ በጀርባው ተጽፏል። የለካችኝ ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ «ሬሳ ሳጥን ነው ወይስ የሠርግ ልብስ?» ብላ ቢሮውን አሳቀችብኝ። ጨርቁ ላይ የተቀመጥኩት በምሳ ሰዓት፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። ዝም ብዬ የተቀመጥኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። በግራ በኩል አዘንብያለሁ መሰለኝ፤ ጆሮ ማዳመጫው የሚሰካው በዚያ በኩል ነው።

የጥያቄ ወረቀቱ ከቢሮ እንዲወጣ አይፈቀድም። በእጄ ገልብጬልሃለሁ። ማን እንደሚሞላው ግን መጠየቅ መብቴ ይመስለኛል።

ለምኔ


ግንቦት 6

ለልጄ ለምኔ፣

እንደምን ከረምሽ? ዛሬ የምጽፍልሽ ብዙ ነው፤ ብርጭቆ ውኃ አጠገብሽ አስቀምጪ።

ባለፈው ሳምንት አባትሽን ወደ ሱቄ ጠራሁት። «ልክህን ልውሰድ፣ ጠመኔው ላይ ተቀመጥ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ በየዓመቱ ወንበሩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ግን ጠመኔ ላይ ተቀምጦልኝ አያውቅም። ሁልጊዜ «ዝም ብለህ ስፋው፣ ወንበር ወንበር ነው» ነበር መልሱ። ዘንድሮ ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ ተቁነጠነጠ። አስር ደቂቃ ላይ ፀጥ አለ። እኔ መርፌ ውስጥ ክር እየከተትኩ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ ድንገት፣

«ጥላውን አላየሁትም» አለ።

መርፌውን ወደ ቆዳው መለስኩ።

«ሰውዬው ቢኖርም አላየውም ነበር። ሳጥኑ የተንሸራተተው ጥላውን ከመታሁት በኋላ ነው።»

እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፣ እንባዬ ግን ስፌቱ ላይ ጠብ አለ። ወደ እሱ አልዞርኩም፤ ብዞር ቃሉን ይሽር ነበር። «ሃያ ደቂቃው አልሞላም፣ ጋሼ፣ አትንቀሳቀስ» አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ሲነሳ ጨርቁ ላይ ያለውን አየሁ። በሙሉ ክብደቱ የተደገፈው ወደ ኋላ ነው። ሹፌር እንደዚያ አይቀመጥም። ተሳፋሪ ነው እንደዚያ የሚቀመጠው።

ወንበሮቹ ቅዳሜ ተገጠሙ። ሁለቱንም ነው የሰፋሁት፣ ቆዳው በቃኝ። አባትሽ ተላጭቶ መጣ። የሹፌሩን በር ከፈተ፤ ቆዳውን በእጁ ዳሰሰና «እጅህን አይንሳው» አለ። ሊገባ ጎንበስ አለ። አልገባም። ጉልበቱ መሪው ላይ ተጋጨ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋው ከሥር እጁን ሰደደ፤ የሚንሸራተትበትን ሀዲድ አውጥቼ ወንበሩን በብሎን አስሬዋለሁ። ሁለተኛ ሞከረ። ሦስተኛ በጎኑ ሞከረ፣ ኮፍያው ወደቀ። እኔ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ታውቂዋለሽ።

ቀና ብሎ «ማንን ለክተህ ነው?» አለኝ።

«ታውቃለህ» አልኩት።

እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ በፊቷ ዞረ፣ የወዲያኛውን በር ከፈተ፣ ተቀመጠ። ቁጭ ሲል ወንበሩ እንዴት አድርጎ እንደተቀበለው ብታዪ! ራሴን ላወድስ አይደለም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ወንበር አልሰፋሁም። በሩን ዘጋው። እኔም ትቼው ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እዚያው ነበር፤ ባዶውን ወንበር እያየ።

የጥያቄ ወረቀትሽን ሰጥቼዋለሁ። ያንቺ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ሲያይ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። አሁን ፖስታውን አትለጥፈው ብሎኛል፤ የሚጨምረው ነገር አለ።

አጎትሽ ወስፌ


ግንቦት 7

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ አልችልም፣ ታውቂያለሽ፤ የጠየቅሽኝን ግን እመልሳለሁ።

የመኪናው ውስጥ፦ ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኳት ወስፌ እንዳይጠግብብን ነው።

በሳምንት የሚነዱት ኪሎ ሜትር፦ ዜሮ።

አነዳድ፦ ቦታው ላይ ምንም አልጻፍኩም። እኔ መልስ የለኝም፤ የምትነዳዋ ስትመጣ ትሙላው።

ሌላ አስተያየት ካለዎት፦ አለኝ። ስልኩን በመዝጋቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍሬአለሁ። መልሼ ለመደወል ግን አፌ እንቢ አለኝ። አንቺ ያልሽው ልክ ነበር። ወስፌ የሰፋውን የሹፌር ወንበር በደንብ አየሁት። ድሮ ሜዳው ላይ ከጀርባሽ ሁለት ትራስ እናስገባ ነበር፤ አሁን አያስፈልግሽም። መሪዬን አትያዢ ያልኩሽን አንስቼዋለሁ።

ቁልፉ ፖስታው ውስጥ ነው። ሁለተኛ የለውም።

አባትሽ